«ጨዋ ነው» ብለን የጻፍንለት ልጅ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሳቢያዬን ባዶ አድርጌ ቁልፉን ላስረክብ ስነሳ አንድ ተማሪ በሩን አንኳኳ። ኮሌጅ ሊያመለክት ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል። በትምህርት ቤታችን እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚፈርሙት ዳይሬክተሩ ናቸው፤ የምጽፈው ግን እኔ ነኝ። ተማሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ወደ እሳቸው ቢሮ አይሄዱም።

«ጋሽ ታደሰ፣» አለኝ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ውጤቴን ካርዱ ይናገራል። እርስዎ ጨዋ መሆኔን ብቻ ይጻፉልኝ።»

ብዕሬን መልሼ አስቀመጥኩት። ልጁ ያጠፋው ነገር ያለ መስሎት ደነገጠ። ምንም አላጠፋም። እኔ ነኝ ይህችን ቃል በሰማሁ ቁጥር የምደናገረው። ደብዳቤውን ጻፍኩለት፤ ቃሏንም አስገባሁለት፤ አመስግኖኝ ሄደ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ፣ «ዛሬ እኮ የደስታ ቀንህ ነው፣ ምን ሆነህ ነው ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?» አለችኝ። መልሱ ረጅም ስለሆነ እጽፈዋለሁ ብዬ ወረቀት አወጣሁ።

ሥራዬ ባጭሩ ሲነገር ይኸው ነው፤ ስለ ሌላ ሰው መልካምነት ስጽፍ ኖርኩ። ስለ ደመወዙ ባናነሳ ይሻላል። ብዙ አለቆችን አሳልፌአለሁ። አንደኛው ዳይሬክተር «ትጉህ» የሚል ቃል ካልገባ አይፈርሙም ነበር፤ በእሳቸው ዘመን ክፍል ውስጥ ሲያንኮራፋ የኖረው ልጅ ሳይቀር ትጉህ ሆኖ ወጥቷል። ሌላው ደግሞ ነገር ማብዛት አይወዱም፤ «ጥሩ ልጅ ነው፣ ይግባ በልና አምጣው» ይሉኛል። በኔ በኩል የሁለቱንም ፈቃድ ፈጽሜያለሁ። ጸሐፊ ሲባል ይኸው ነው።

ሥራውን የለመድኩት ግን በትምህርት ቤት አይደለም። በጣሊያን ጊዜ፣ ልደታ ማርያም ቅጥር ሥር፣ ከመሪጌታ ወልዴ ዘንድ ነው።

መሪጌታ ወልዴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ጣሊያን ሲገባ ተማሪዎቻቸው ተበታተኑና እሳቸው አንድ ሣጥን፣ አንድ አጎዛና አንድ ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ተቀመጡ። ለሰው ማመልከቻና ደብዳቤ እየጻፉ መኖር ጀመሩ። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ጎረምሳ ነኝ። የምሠራበት ሱቅ ተዘግቶ ሥራ ፈትቼ ስዞር አንድ ቀን የእጅ ጽሕፈቴን አዩና፣ «ይህ እጅ ሲንከራተት ከሚውል እዚህ ይቀመጥ» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። የመጀመሪያ አለቃዬ እሳቸው ናቸው።

በቅሎው ለጭነት የተወሰደበት ይመጣል። ባሏ የታሰረባት ትመጣለች። ከሁሉ የሚበዛው ግን የምስክር ደብዳቤ ፈላጊ ነበር። ሥራ ለመቀጠርም፣ ከከተማ ለመውጣትም፣ ትምህርት ለመግባትም «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» የሚል የታወቀ ሰው ወረቀት ይጠየቃል። መሪጌታን ደግሞ የልደታ ሰው ሁሉ ያውቃቸው ነበርና የእሳቸው ፊርማ ይፈለግ ነበር።

ስለ አጻጻፋቸው ብዙ ማውራት እችላለሁ። ቀለሙን ራሳቸው ከጥላሸት ይበጠብጡታል፤ መጻፊያ መቃውንም ራሳቸው ይቀርጹታል። ደብዳቤ ፈላጊው እንዲቀመጥ አይፈቅዱም፤ ፊታቸው ቆሞ የሚጻፍለትን እየሰማ፣ እሳቸው ፊቱን እያዩ ይጽፋሉ። ሰውዬው ካፈረ ምስጋናው በዝቷል ማለት ነው፤ ይፍቁታል። «ሰውን ስታመሰግን ጎረቤቱ ሰምቶ እስከማይስቅበት ድረስ ብቻ ነው» ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ ለአንድ አናጢ «እጅግ የተደነቀ ባለሙያ ነው» ብዬ ብጽፍ ቀደዱትና «የሠራው በር አይጮኽም» ብለው ጻፉ። ሰውዬው በማግሥቱ ሥራ ገባ።

ትልቁ ልማዳቸው ግን ሦስት ጊዜ ማንበብ ነበር። ደብዳቤው ካለቀ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያነቡታል። መጀመሪያ እንደሚጻፍለት ሰው ሆነው፣ ቀጥሎ እንደሚቀበለው ሰው ሆነው፣ መጨረሻ እንደ ጠላት ሆነው። በሦስተኛው ላይ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ከእያንዳንዱ ቃል ኋላ ምን ክፉ ነገር ሊወጣ እንደሚችል ይፈልጋሉ። የቅኔ ሰው ናቸውና ቃል ሁለት ፊት እንዳለው ያውቃሉ። ይህን ልማዳቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የኔ መደናገር ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። እኔ የቤተ ክህነት ትምህርቴ ከዳዊት አላለፈም። መሪጌታ በዚህ ይቀልዱብኛል፤ «አንተ ጨዋ፣ ቀለሙን አምጣ» ይሉኛል። የቆሎ ተማሪ አፍ ላይ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ድጓና ቅኔ ያልገባው ምእመን ማለት ነው። በሰፈር አፍ ደግሞ ጨዋ ማለት ምግባረ ሸጋ፣ በደንብ ያደገ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ መሪጌታ ሲሰድቡኝ ሰፈርተኛው ያመሰገኑኝ ይመስለው ነበር። እኔም ደስ እያለኝ ቀለሙን አመጣለሁ።

አንድ ቀን ወይዘሮ በለጡ የሚባሉ የአብነት ሰፈር ሴት፣ ወንድ ልጃቸውን በየነን ይዘው መጡ። ፈትል ፈትለው ለሸማኔ እየሸጡ የሚኖሩ፣ ባላቸው ከዘመቻው ያልተመለሱ ሴት ናቸው። የውጭ አገር መነኮሳይት የሚያስተዳድሩት አንድ ሆስፒታል ወጣቶችን አስታማሚነት ሊያስተምር ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። አመልካቹ የአማርኛ ፊደል የሚያውቅና ምግባሩ የተመሰከረለት መሆን አለበት።

«መሪጌታ፣» አሉ ወይዘሮ በለጡ፣ «የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። ሥራ ፈት ጎረምሳ ሲያገኙ ለመንገድ ሥራ በካሚዮን ጭነው እየወሰዱ ነው። እዚያ ትምህርት ከገባ ወረቀት ይሰጡታል፤ ማንም አይነካውም። ከዚህ ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ችግሩ በየነ ከሚፈለገው በላይ የተማረ መሆኑ ነበር። ከጣሊያን በፊት ትምህርት ቤት ገብቶ ፈረንሳይኛ ያነብ ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ «የተማረ» መባል ጣጣ አለው። ጣሊያኖቹ የውጭ ትምህርት የቀመሰ ሐበሻ ሲያዩ የሚያሴርባቸው ይመስላቸዋል፤ እንዲህ ተወስደው ያልተመለሱ ልጆች በሰፈራችንም ነበሩ። ፊደል አያውቅም ካልን ትምህርቱን አይገባም። ተምሯል ካልን «የት ተማርክ?» ይመጣል። መሪጌታ መቃውን በጥፍራቸው ይፈትኑ ጀመር።

«ምን ያስጨንቅዎታል?» አሉ ወይዘሮ በለጡ። «ጨዋ ነው ይበሉና ይጻፉ። ጨዋ የተባለን ልጅ ማን ይጠላዋል?»

«ጨዋ?» አሉ መሪጌታ። «ጨዋ ልበለው?»

«ጨዋ ነዋ። ሰፈሩ ይመስክር።»

መሪጌታ በየነን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ገብታም ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ሰዓት ጃንጥላው ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ብለው ጻፉ፦

«ይህ በየነ የተባለ ልጅ ጨዋ ነው። ታላቁን ያከብራል፣ ታናሹን አይንቅም። የታመመ ሰው ሲያይ ፊቱን አያዞርም። ያደገውም በዓይናችን ሥር ነው።»

«ፊደል ማወቁስ?» ብዬ ሹክ አልኳቸው።

«ለዚያ ራሱ አፍ አለው» አሉኝ።

ከዚያ ማንበብ ጀመሩ። አንደኛውን አስታውሳለሁ፤ ወይዘሮ በለጡ እንባቸው መጣ። ሁለተኛውንም አስታውሳለሁ። በመሐል አንዲት ሴት እያለቀሰች መጥታ እኔ እሷን ላስቀምጥ ተነሣሁ። ስመለስ ደብዳቤው ታጥፎ በበየነ እጅ ነበር። ሦስተኛውን አንብበውታል ወይስ አላነበቡትም? ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ሽማግሌ ሆንኩ።

ደብዳቤውን የሚያቀርብ ምስክር አብሮ መሄድ ስላለበት በማግሥቱ እኔና በየነ በሰንጋ ተራ፣ በከብቱ መሐል አቋርጠን አመልካቾቹን ወደሚቀበለው የጣሊያን ቢሮ ሄድን። በየነ የአባቱን ኮት ለብሷል፤ እጅጌው ይረዝምበታል። መንገዱን ሙሉ «ከጠየቁኝ ምን ልበል?» ይለኛል። «የጠየቁህን ብቻ መልስ» እለዋለሁ። እኔ ራሴ ምን እንደሚጠይቁት አላውቅም።

ቢሮው ውስጥ አንድ ጣሊያን ሹም ተቀምጧል። አጠገቡ አስተርጓሚው ቆሟል፤ አቶ ፈንታ ይባላል። ካኪ ለብሶ ጫማውን ቢወለውልም የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ በአማርኛው መሐል ግዕዝ ጣል ያደርጋል። ከኛ በፊት ሁለት ጎረምሶች ነበሩ። ሹሙ በላቲን ፊደል የተጻፈ ወረቀት ሰጣቸው፤ ሁለቱም አነበቡ። ሹሙ ራሱን ነቀነቀና ከጎን ባለው በር አስገባቸው። ያ በር ወዴት እንደሚያስገባ አልተነገረንም። ወደ መነኮሳይቱ ነው ብለን እንዳንደሰት፣ ተመልሰው ሲወጡ አላየንም።

ተራችን ደረሰ። አቶ ፈንታ ደብዳቤውን አነበበና ቅንድቡን አነሣ።

«ጨዋ ነህ?» አለው።

«አዎን ጌታዬ» አለ በየነ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እናቴ በጨዋ ደንብ ነው ያሳደገችኝ።»

አቶ ፈንታ ሳቀ። ያኔ ነው ቃሏን እንደ ቆሎ ተማሪ፣ «ያልተማረ» ብሎ እንዳነበባት የገባኝ። በየነ ምግባሩን እየመሰከረ መስሎት፣ ፊደል አለማወቁን በገዛ አፉ ያጸድቃል። አቶ ፈንታ ወደ ሹሙ ዞሮ በጣሊያንኛ አጭር ነገር ተናገረ። ሹሙ ያንኑ የላቲን ወረቀት ወደ በየነ ገፋው።

በየነ ወረቀቱን ያዘ። ፊደሉን እንደሚያውቀው እኔ አውቃለሁ። ቢያነብ «የት ተማርክ?» ይባላል፣ ባያነብ ትምህርቱ ይቀርበታል። ወደ በሩ አየ፣ ወደ እኔ አየ። «ጌታዬ፣ የአማርኛ ፊደል» ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት አቶ ፈንታ፣ «አንተም ዝም በል» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ሹሙ በማይሰማበት ድምፅ። ማስፈራራት ነው እንዳልል ድምፁ ለስላሳ ነበር። ምክር ነው እንዳልል ዓይኑ ይቆጣል።

«አላውቀውም ጌታዬ» አለ በየነ፤ ወረቀቱን መለሰ።

አቶ ፈንታ ደብዳቤያችንን አጥፎ ሰጠው። «ጨዋ እዚህ አይፈለግም። ወደ እናትህ ሂድ» አለው። ወጣን። ሰንጋ ተራ ስንደርስ በየነ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ምንም አላጠፋህም አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ግን ያጠፋው ማን እንደሆነ ብጠየቅ አልመልስም ነበር።

ወይዘሮ በለጡ ማንበብ አይችሉም። ደብዳቤውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ፊደል የሚያውቅ ሰው ባገኙ ቁጥር ያስነብቡት ጀመር። አንድ ዲያቆን «ያልተማረ ነው ይላል፣ እማማ» አላቸው። ከወሎ የመጡ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ደግሞ አነበቡና፣ «ጨዋማ ትልቅ ቃል ነው፤ እኛ ዘንድ ልጅ የሚዳረው በዚህ ነው» አሏቸው። ሴትዮዋ አንድ ወረቀት ሁለት ነገር ሲናገር ሰምተው አያውቁም። በመጨረሻ መጥተው መሪጌታ ፊት ቆሙ።

«መሪጌታ፣ ልጄን ሰደቡት ወይስ አመሰገኑት?»

«አንቺ ያልሽውን ጻፍኩ፣ በለጡ።»

«እኔ ያልኩት ሌላ ነው።»

«ቃሉ አንድ ነው» አሉ መሪጌታ። ቀና ብለው አላዩአቸውም።

ወይዘሮ በለጡ ከሄዱ በኋላ እኔ አላስችል አለኝና፣ «አባ፣ ቃሉ እንዴት እንደሚነበብ ጠፍቶዎት ነው?» አልኳቸው። ከዚያ፣ «አንተ ጨዋ፣ ቀለሙን አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ። በዚያን ቀን ምን ማለታቸው እንደሆነ ስድቡም ምስጋናውም ጠፋኝ።

ብዙም ሳይቆይ በየነ ከሰፈር ጠፋ። በካሚዮን ተወሰደ የሚሉ ነበሩ፤ ዱር ገባ የሚሉም ነበሩ። እናቱ የትኛውን እንደሚያምኑ አጡ። በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ከመሪጌታ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ይቀመጣሉ። አይናገሩም፣ አይሰድቡም። እንዝርታቸውን ይዘው ይፈትላሉ፣ አልፎ አልፎ ቀና ብለው ያያሉ። መሪጌታ ይህን አልቻሉትም። ሦስት ጊዜ ያነቡት የነበረውን አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ማንበብ ጀመሩ። «ጎበዝ» የሚለውን ይፍቁታል፤ «ደግ» የሚለውን ይፍቁታል፤ ሁሉም ቃል ያስፈራቸዋል። መጨረሻ ላይ የሚጽፉት «ይህ ሰው ልደታ ይኖራል» የሚል ብቻ ሆነ። ደንበኛ ሸሸ።

አንድ ቀን ወደ ትውልድ አገራቸው ሊሄዱ ተነሡ። ሣጥኑንና ጃንጥላውን ለእኔ ተዉልኝ። ስሸኛቸው እንደገና ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ያን ደብዳቤ ሦስተኛውን አንብበውት ነበር?»

«አንተ አጠገቤ አልነበርክም እንዴ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። አውቀው ጽፈውት ከሆነ ልጁን ፊደል ያወቀ ሁሉ ከሚገባበት ከዚያ በር ሊያድኑት ነው። ሳያውቁ ከሆነ የዕድሜ ልክ የቅኔ ሰው በአንዲት ተራ ቃል ተሰናክለዋል። አንዳንድ ቀን አንደኛውን አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሁለተኛውን።

ጣሊያን ወጣ። በየነ ከአርበኞቹ ጋር ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጠመንጃ አንግቶ ልደታ ገባ። እናቱ መንገድ ላይ አገኙትና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እኔ በመሪጌታ ቦታ ተቀምጬ ነበርና ሊያየኝ መጣ። እየሳቀ የነገረኝ ነገር የባሰ አደናገረኝ።

«ዱር የገባሁ ዕለት አለቃችን ማን ነህ አሉኝ። እኔ በብሽቀት ጨዋ ነኝ አልኳቸው። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ‹በድሮ ጊዜ ጨዋ ማለት ወታደር ነበር፣ እንግዲያ ና ግባ› አሉኝ። እንዲህ ሆኜ ገባሁ።»

እዚያም ቢሆን የታመመ ሲያይ ፊቱን አላዞረም። ውሃ እያፈላ ቁስል ሲያጥብ ነበር የከረመው። ከእኛ በፊት በዚያ በር ከገቡት ሁለት ጎረምሶች አንዱን ኋላ ነጭ ካፖርት ለብሶ አየሁት፤ አስታማሚ ሆኗል። ስለ ጓደኛው ስጠይቀው ሌላ ወሬ ጀመረ። አቶ ፈንታን ደግሞ ፈልጌ አላገኘሁትም። ስለዚህ በሩ የትኛው በር እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሆስፒታሉ በአዲስ አስተዳዳሪዎች እጅ እንደገና ተማሪ መቀበል ሲጀምር በየነ ከእናቱ ጋር ወደ እኔ መጣ። ያው ትምህርት፣ ያው ደብዳቤ። አሁን የሚደበቅ ነገር የለም። ፊቴ አቆምኩትና ጻፍኩ። አማርኛ ጠንቅቆ ያነባል፣ ፈረንሳይኛ ያነባል፣ ቁስል ማጠብ በሥራ ለምዷል፣ ሕመምተኛ አይሰለችም። አንዲት ሁለት ፊት ያላት ቃል አላስገባሁም። ከዚያ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን ዓይኔን ጠበብ አድርጌ። ምንም አላገኘሁበትም። በሥራዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ወይዘሮ በለጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ እማማ።»

«ጨዋ መሆኑን ረሳኸው።»

መቃው በእጄ ላይ ቆመ። «እማማ በለጡ፣ ይህች ቃል ያደረገችንን ረሱት?» አልኳቸው።

«አልረሳሁም። ጻፈው።»

«ሦስት ዓይነት ትርጉም አላት እኮ። እዚያ የሚቀበለው ሰው የቱን እንደሚያነብ በምን እናውቃለን?»

«እሱ የፈለገውን ያንብብ፤» አሉኝ። «አንተ እኔ የማውቀውን ጻፍ።»

መቃውን ቀለም ውስጥ ነከርኩና፣ ከመጀመሪያው መስመር በላይ በቀረው ባዶ ቦታ ላይ፣ «ይህ ልጅ ጨዋ ነው» ብዬ ጻፍኩ።